አበልጅሽ አልሆንም

በዚያ ሰሞን የማየው ህልም አንድ ዓይነት ነበር። ከቤታችን በታች ያለው ወንዝ፣ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ሆኖ የሚከርመው ወንዛችን፣ ድምፅ ሳያሰማ ይሞላል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ውሃው እንደ ወተት ነጭ ነው። ከወዲያ ማዶ ሲስተር ትርንጎ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ፣ ልጄን ታቅፋ ቆማለች። ሕፃኗ አታለቅስም። ሲስተር ፈገግ ብላለች። እኔም ሸክም እንዳወረደ ሰው እፎይ እላለሁ። ስነቃ ትራሴ ረጥቦ አገኘዋለሁ። ዕንባ ይሁን ላብ አላውቅም፤ በቆቦ ሙቀት ሁለቱን መለየት ያስቸግራል።

ህልሙን እንደ መልካም ምልክት ነበር የያዝኩት። እግዚአብሔር መንገድ ያሳየኝ መሰለኝ። የምነግራችሁ ያ ህልም እንዴት እንደተፈታ ነው። የፈታችው ሴት ህልም ፈቺ አይደለችም። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቀችኝ።

ወለላ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ጎብዬ ነው፤ ተድሬ የመጣሁት ቆቦ። ሁለተኛ ክፍል አስተምር ነበር። ባለቤቴ ሞላ የውሃ ፓምፕ ይጠግናል። ሜዳው ላይ ያሉት የሽንኩርት እርሻዎች ፓምፓቸው በቆመ ቁጥር የሚጠሩት እሱን ስለሆነ ቤት ውስጥ የምንውለው እኔና እናቱ እማማ ደስታ ነን። እሳቸው ያወራሉ፤ እኔ እሰማለሁ። ከልጅነቴም ብዙ አልናገርም።

ኤፍሬም የሚባል ልጅ ነበረን። መንገድ በተዘጋበት፣ መድኃኒት በጠፋበት በዚያ ክፉ ጊዜ ወባ ይዞት ሞተ። ስለዚያ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ዓመታት አልፈው ሴት ልጅ ወለድኩ። ጎረቤቱ ሁሉ “እንኳን ማርያም ማረችሽ” እያለ ገባ፣ ገንፎ በላ፣ መርቆ ወጣ። እማማ ደስታ ሕፃኗን ገና እንደታቀፏት “ምትኬ፣ የልጄ ምትክ” አሉ። ስሟ በዚያው ጸና። እኔ ግን ስሙን አንድ ቀን እንኳ ከአፌ ማውጣት አልቻልኩም። ለኤፍሬም ምትክ የለውም። ጡት እሰጣታለሁ፣ ገላዋን አጥባታለሁ፣ አዝላታለሁ። ፊቷን ግን አላየውም። ካየኋት የምትወሰድብኝ ይመስለኛል። እየዋለ እያደረ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣ። የምትወሰደው በእኔ ጦስ ነው፤ እኔ ባልኖር ግን ትተርፋለች የሚል ሐሳብ። ለሞላ አልነገርኩትም። ለነፍስ አባታችን ለመምሬ ይርጋም አልተናገርኩም።

ወደ ጤና ጣቢያው የሄድኩት ሕፃኗን ለማስከተብ ነበር። ከታቢዋ ነርስ ሥራዋን ጨርሳ ትንሽ ካየችኝ በኋላ፣ “እህቴ፣ በዚህ ኮሪደር መጨረሻ ላይ አንዲት ሲስተር አለች። የተጨነቁ እናቶችን ታነጋግራለች። ገባ በዪ” አለችኝ። ገባሁ።

ክፍሉ ውስጥ ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮችና አንዲት ጠረጴዛ ነበሩ። መስኮቱ ግቢው ውስጥ ያለውን የኒም ዛፍ ያሳያል። ሲስተር ትርንጎ በሥራ ተመድባ የመጣች የጎጃም ልጅ ናት፤ ከእኔ ታንሳለች። በመጀመሪያው ቀን እንዲህ አለችኝ፦

“ወለላ፣ እዚህ የምትነግሪኝ እዚሁ ይቀራል። አንድ ነገር ብቻ ሲቀር። ያንቺ ወይም የልጅሽ ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ዝም አልልም። ያን ጊዜም ቢሆን ቀድሜ የምነግረው ለአንቺ ነው።”

ሰው ሁሉ ወለላዬ ይለኛል። እሷ ወለላ ትለኝ ነበር። መጀመሪያ ላይ ደረቅ መሰለችኝ። ግን እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ ያለ ወትሮዬ እናገራለሁ። ስለ ኤፍሬም ጫማ ነገርኳት። ስለ መጨረሻው ቀን ነገርኳት። አላለቀሰችልኝም፤ አላቋረጠችኝም። ትሰማ ነበር። ስወጣ ትከሻዬ ይቀለኛል።

ሞላ ለውጡን አየና አንድ ጆንያ ሽንኩርት ሞላ። “ይቺን ልጅ እንዲሁማ አንተዋትም” አለ። በባጃጅ አስጭኜ ሄድኩ።

“አመሰግናለሁ። ግን አልወስድም” አለች ሲስተር።

“ሽንኩርት እኮ ነው።”

“አዎ፣ አየሁት። ጥሩ ሽንኩርት ነው።”

“ሞላ ይቀየማል።”

“ንገሪልኝ። ደመወዜ ይበቃኛል፤ ወለላ ደግሞ እዚህ ለመምጣት ምንም ማምጣት የለባትም በዪው።”

እኔ ግን መልሼ መጫኑ አሳፈረኝና ጆንያውን በሩ ሥር ትቼው ሄድኩ። በሌላው ቀጠሮዬ ዘበኛው ጋሽ እንድሪስ ከበር ላይ ተቀበሉኝ። “አላህ ይስጥሽ፣ የኔ ልጅ! ባንቺ ሽንኩርት ጤና ጣቢያው በሙሉ ሲያለቅስ ሰነበተ” አሉኝ። ለካ ከጽዳት ሠራተኛዋ ጀምራ ለሁሉም አከፋፍላዋለች። ለራሷ አንዲት ራስ አላስቀረችም።

ሌላ ቀን ደግሞ ገበያ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። እንደማታውቀኝ ሆና አለፈችኝ። ከጎኔ የነበሩት እማማ ደስታ ዘወር ብለው አዩዋት።

“ያቺ ሲስተርሽ አይደለችም እንዴ? ምን ዓይነት ኩራት ነው! ጎጃም ሰላምታ የለም?”

ልቤ ቆሰለ። በቀጠሮዬ ቀን ዝም አልኩ፤ ዝምታዬን ግን አወቀችው።

“መንገድ ላይ አንቺ ሰላም ካላልሽኝ እኔ አልልሽም” አለችኝ። “አብሮሽ ያለው ሰው ‘ከየት ትተዋወቃላችሁ?’ ብሎ እንዳይጠይቅሽ ነው። ለዚያ ጥያቄ መልስ የምትሰጪው አንቺ ነሽ፤ እኔ አይደለሁም።”

በጭንቅላቴ ገባኝ። ሆዴ ግን አልተቀበለውም። እኔ የፈለግሁት እንድትቀርበኝ ነበር። ህልሙ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ቢመላለስብኝም ለሲስተር አልነገርኳትም።

እንደምታውቁት ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። እናቷም እስከዚያ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ሰማንያው ሲቃረብ ቤታችን ውስጥ የክርስትና እናቷ ማን ትሁን ይባል ጀመር። እኛ ዘንድ አበልጅ ከሥጋ ዘመድ አያንስም። አበልጅ ሁን ተብሎ የተጠየቀ ሰው እምቢ አይልም፤ እምቢ ማለት ሕፃኗን ከጥምቀት እንደመከልከል ይቆጠራል። የክርስትና እናት የወለደች እናት ብትሞት የምትተካ እናት ናት ይባላል።

ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ያዝኳት። ህልሙም የተገለጠልኝ መሰለኝ። “ሲስተር ትርንጎ ናት” አልኩ።

እማማ ደስታ ተገረሙ። “ያቺ ኩሩዋ?”

“እሷው ናት።”

እምቢ ስለማይባል አስቀድሜ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ጠላው ተጠነሰሰ። በጉ ተገዛ። ለመምሬ ይርጋም ተነገራቸው። እኔም የሕፃኗን ማተብ ክሩን ራሴ ገምጄ አዘጋጀሁ። ስገምደው የተለየ ጸጥታ ተሰማኝ፤ ረጅም መንገድ ለመሄድ ዕቃውን አስሮ የጨረሰ ሰው ዓይነት ጸጥታ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የተሻለኝ መሰለው። “ጎሽ፣ ፊትሽ ፈካ” አሉኝ እማማ ደስታ።

ጥምቀቱ ቅዳሜ ነው። ቀጠሮዬ ሐሙስ ረፋድ ነበር።

የዚያን ቀን ፀሐይ እንደ ዱቄት ነጭ ነበረች። በባጃጅ ስሄድ ከከተማው ወዲያ የዞብል ተራራ በሙቀቱ ውስጥ ከመሬት ተነሥቶ የሚንሳፈፍ ይመስል ነበር። የሰው ድምፅ ከሩቅ ይሰማኛል። እግሬ መሬት የሚነካ አይመስለኝም።

ገባሁ። ተቀመጥኩ። ሕፃኗ ጭኔ ላይ ተኝታለች። ማተቡን ከነጠላዬ ጫፍ ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

“ሲስተር፣ ቅዳሜ ክርስትናዋ ነው። የክርስትና እናቷ አንቺ ነሽ።”

ማተቡን አየችው። አልነካችውም። ከውጭ የኒሙ ቅጠል ሲንሿሿ ይሰማ ነበር።

“ወለላ፣ ይሄ ትልቅ ክብር ነው” አለች። “ግን አልችልም። አበልጅሽ አልሆንም።”

ጆሮዬን አላመንኩትም።

“እምነትሽ ሌላ ነው?”

“አይደለም። የተዋሕዶ ልጅ ነኝ።”

“ታዲያ ልጅቷን ጠልተሻት ነው?”

“በፍጹም።”

“እኛን ንቀሽ ነው?”

“ወለላ፣ ስሚኝማ።” ወንበሯን አልሳበችም፣ እጄን አልያዘችም፤ ድምፅዋን ብቻ ዝቅ አደረገች። “አበልጅሽ ብሆን ቤትሽ እመጣለሁ። ከእማማ ደስታ ጋር በአንድ ማዕድ እበላለሁ። ሞላ ይቀልድብኛል። ደስ ይለኛል፤ እዚህ አገር ዘመድ የለኝም። ከዚያ በቀጠሮሽ ቀን መጥተሽ እዚህ ወንበር ላይ ስትቀመጪ፣ ‘አበልጄ ምን ትለኝ ይሆን’ ብለሽ ግማሹን ትውጪዋለሽ። እኔም አበልጄ እንዳትቀየመኝ ብዬ መጠየቅ ያለብኝን እተወዋለሁ። አንቺ ዘመድ አላጣሽም። ያጣሽው ሁሉን የምትነግሪው ሰው ነው። ያንን አላሳጣሽም።”

ብዙ መናገር ይገባኝ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን፣ “ጠላው ተጠንስሷል” የሚል ነው።

“ይገባኛል። ስላሳዘንኩሽ ይቅርታ።”

ሕፃኗን አዘልኩ። ማተቡን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ።

ኮሪደሩ ረዘመብኝ። ግቢው ውስጥ ብርሃኑ ዓይኔን ሞላው። ጋሽ እንድሪስ፣ “ዛሬስ ቶሎ ጨረስሽ” ሲሉኝ አፋቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ድምፃቸው ግን ዘግይቶ ነው የደረሰኝ። አእምሮዬ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይዞር ነበር። ሲስተር እምቢ ካለች ልጄን ለማን እተዋለሁ? የተዘጋጀሁበት ሁሉ ፈረሰ። ሰው መንገድ ሲበላሽበት የሚያዝነውን ያህል አዘንኩ። መንገዱ ወዴት እንደነበር ግን ለራሴም እንኳ በግልጽ ተናግሬው አላውቅም።

ኒሙ ጥላ ሥር ስደርስ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ሲስተር ነበረች። ከዚያ ክፍል ወጥታ ስትከተለኝ አይቼ አላውቅም። ማተቡን በተዘረጋ መዳፏ ላይ ይዛዋለች።

“ይሄ ያንቺ ነው” አለች። ወሰድኩት። “አንድ ነገር ልጠይቅሽና ሂጂ። ከሰው ሁሉ መርጠሽ ለምን እኔን?”

“በህልሜ አይቼሽ ነው።”

“ንገሪኝ።”

ነገርኳት። ወንዙን፣ ነጩን ውሃ፣ እሷ ልጄን ታቅፋ መቆሟን፣ እፎይታዬን። ስናገር ፈገግ ያልኩ ይመስለኛል። እሷ ፈገግ አላለችም። ሕፃኗን አየቻት፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

“ወለላ፣ እኔ ከወዲያ ማዶ ነኝ። ልጅሽ ከእኔ ጋር ናት። አንቺስ የት ነበርሽ?”

“ከወዲህ ማዶ” ልል አፌን ከፈትኩ። ህልሙን እንደገና ከዳር እስከ ዳር አየሁት። ከወዲህ ማዶ አሸዋው ባዶ ነበር። ከወዲያም የለሁም። ያን ሁሉ ሌሊት ሳየው ራሴን ፈልጌ አላውቅም ነበር።

“እኔ የለሁም” አልኩ።

“ሕይወትሽን ለማጥፋት አስበሻል?”

ቁርስ በልተሻል ብላ የምትጠይቀኝ ያህል በቀላሉ ነው የጠየቀችኝ። አልሸሸችም፤ አልደነገጠችም። ለዚያ ይመስለኛል መልሱ የወጣልኝ።

“አዎ” አልኩ። “ክርስትናዋ ካለፈ በኋላ።”

የኒሙ ሥር ላይ ቁጭ አልኩ። ሲስተር ከነነጭ ጋዋኗ አጠገቤ አፈሩ ላይ ተቀመጠች። ጋሽ እንድሪስ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው፣ ሊገባ የመጣን ባጃጅ፣ “ተመለስ፣ ዛሬ በዚህ አይታለፍም!” ሲሉ ሰማኋቸው። ምንም ያልሰሙ፣ ሁሉ ግን የገባቸው ሰው ነበሩ።

“ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ” አለች ሲስተር። “አንድ ነገር ብቻ ሲቀር ያልኩሽን ታስታውሻለሽ?”

“አስታውሳለሁ።”

“ያ ነገር ይሄ ነው። ለሞላ እንነግረዋለን። ከጀርባሽ አይደለም፣ እዚሁ አንቺ ባለሽበት። መናገር ከቻልሽ አንቺ ትነግሪዋለሽ፤ ካቃተሽ እኔ። ከዚያ ዛሬውኑ ሐኪም ያይሻል። ብቻሽን አትሆኚም።”

“ልጄን ይወስዱብኛል?”

“ማንም አይወስዳትም። ታመሻል። ይሄ ሕመም ስም አለው፤ ከወለዱ በኋላ ብዙ እናቶችን ያገኛል። ይድናል።”

ሞላ እጁ ግራሶ እንደተቀባ መጣ። እኔ ነኝ የነገርኩት። በጥቂት ቃል ነገርኩት። እጁን በሱሪው ጠረገ፤ መልሶ ጠረገ።

“ወለላዬ” አለ፣ “ፓምፕ ሊቆም ሲል ከሩቅ በድምፁ አውቀዋለሁ። ያንቺን ግን... ዝምታሽን ጸባይሽ ነው ብዬ ተውኩት።”

በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ሄድን። ሲስተር ከሐኪሙ ጋር አገናኘችኝ፤ መድኃኒት ተጀመረልኝ። ቤት ውስጥ ለብቻዬ እንዳልሆን ተመካከሩ። እኔም ተስማማሁ። ቤት ስንደርስ እማማ ደስታ የሰሙት ሲስተር እምቢ ማለቷን ብቻ ነበርና ግቢው ውስጥ ቆመው ጮኹ። “አበልጅነት እምቢ? ኧረ በማርያም! ይቺ ልጅ ከምን ተፈጠረች?” ሞላ በእኔ ፈቃድ ወደ ጓሮ ወስዶ የቀረውን ነገራቸው። ሲመለሱ አልጋዬ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡና የጋቢዬን ጫፍ ያዙ።

“ምትኬ ማለቴ ነው የከበደሽ?”

“እሱም።”

“ታዲያ ምነው አትነግሪኝም፣ አንደበት የለሽም?”

“የለኝም” አልኩ።

ተያየን፤ ሳናስበው ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ እሳቸው አለቀሱ።

ዓርብ ዕለት መምሬ ይርጋ ጠበል ይዘው መጡ። መጀመሪያ ከእኔ ጋር ለብቻችን ሆንን፤ ያልተናገርኩትን ተናገርኩ። ቆይተው ወጥተው ሲቀመጡ እማማ ደስታ የሲስተርን ነገር አነሡባቸው።

“ወይዘሮ ደስታ፣ አንቺ ኃጢአትሽን ለአበልጅሽ ትናዘዢያለሽ?”

“ምን ቆርጦኝ! በማግስቱ ዋጃ ገበያ ይሰማላ!”

“ታዲያ ልጅቷ ምን አጠፋች?”

እማማ ደስታ ጠላ እየቀዱላቸው፣ “እርስዎስ ሁሉን ሰምተው ከሁላችንም ቤት ይጠጡ የለ?” አሉ።

“እኔማ አርጅቻለሁ፤ የሰማሁትን እረሳዋለሁ” ብለው ብርጭቋቸውን ተቀበሉ።

ከዚያ እማማ ደስታ ደግፈውኝ ወደ ጎረቤታችን ወደ እትዬ ዘውዴ ቤት ሄድኩ። እትዬ ዘውዴ በርበሬ ትሸጣለች። ሰላምታዋ ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጃልና ስሸሻት ነበር የኖርኩት። እሷ ግን ሳትጠይቀኝ ያለፈችበት ቀን የለም፤ በአራስነቴ አጥሚቱን በአጥር ላይ ስታቀብል የነበረችው እሷ ናት።

“ወለላዬ! አንቺ በእግርሽ! ሰማይ ሊደፋ ነው!” አለች። “ሲስተርዋ እምቢ ስላለች ነዋ የመጣሽው?”

“አዎ።”

“አትዋሺም?”

“አልዋሽም።”

“እንግዲያው እሺ። ሁለተኛ ሆኜ ብጠራም ክብር ነው። አብሽሪ፣ ልጅሽን እንደ ልጄ ነው የማያት። አንቺንም ጭምር።”

ሌሊቱን በላይኛው አገር፣ በላስታ ተራሮች በኩል፣ ዘንቦ ኖሮ ጠዋት ስንነሣ ወንዛችን ሞልቷል። ቆቦ ላይ ጠብታ አልወረደም። ቤተ ክርስቲያኑ ከወዲያ ማዶ ነው። ነጭ ለብሰን ዳር ላይ ቆምን። ውሃው የህልሜ ውሃ አልነበረም። ቡናማ ነው፣ ግንድና ድንጋይ ያንከባልላል፣ ሲጮህ ደረት ውስጥ ይሰማል። ከማዶ መምሬ ይርጋ ጥላቸውን ዘርግተው ቆመዋል።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል ውሃው ይጎድል ጀመር። ወንዶቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው መሻገር ጀመሩ።

“ሕፃኗን ለሞላ ስጪው፣ እሱ ያሻግራት” አሉ እማማ ደስታ። “ዘውዴንም ወንዶቹ ይደግፏታል። ቄሶቹ እየጠበቁ ነው። እኔና አንቺ ሲጎድል እንደርሳለን።”

ክፋት አልነበረበትም፤ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው። ሞላ እጁን ዘረጋ። እኔ ግን በህልሜ ከዳር እስከ ዳር ያየሁትን አወቅሁት። ልጄ በሰው ክንድ ላይ ከወዲያ ማዶ፤ በመካከል ውሃ። እግሬ ሥር ያለው አሸዋ ቀዘቀዘኝ። ከዚያ በፊት ለማንም ስሰጣት እፎይ እል ነበር። የዚያን ጊዜ ክንዴ አልላላም አለ።

“አይሆንም” አልኩ።

“ኧረ ሰዓቱ ይሄዳል!”

“ይሂድ። እኔና ልጄ አብረን ነው የምንሻገረው።”

ልጄ የሚለውን ቃል ሰው ፊት ጮክ ብዬ ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነበር። እማማ ደስታ ሊመልሱልኝ አሉና ተዉት። ሞላ እጁን አጥፎ አጠገቤ አሸዋው ላይ ተቀመጠ። ጠበቅን። እትዬ ዘውዴ ስለ በርበሬ ታወራ ነበር። እኔ ነጠላዬን ገለጥ አድርጌ የልጄን ፊት አየሁ። ግንባሯ የኤፍሬም ነው። አገጯ የማንም አይደለም፣ የራሷ ነው። እሷም አየችኝ፤ ለብዙ ጊዜ ስትጠብቀኝ የቆየች ይመስል ዓይኗን አልነቀለችም።

ውሃው ቁርጭምጭሚት ሲደርስ ተሻገርን። ልጄን ታቅፌ፣ ሞላ ክንዴን ይዞ፣ እትዬ ዘውዴ ጫማዬን አንጠልጥላ። ከወዲያ ማዶ ስወጣ መምሬ ይርጋ መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

“ስሟ ማን ይባል?” አሉ።

እማማ ደስታ ወደ እኔ ዞሩ።

“ምሕረት” አልኩ።

ማተቧ እኔ የገመድኩት ክር ነው። እትዬ ዘውዴ ታቅፋት ስለ እሷ ሃይማኖቷን መሰከረች። እኔም ከሰማንያ ቀን በኋላ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ሳምኩ።

በቀጠሮዬ ቀን ሲስተር እንደ ሁልጊዜው ወንበሩ ላይ ተቀምጣ፣ “እሺ ወለላ፣ ቅዳሜ እንዴት ነበር?” አለችኝ። ወንዙን ነገርኳት። ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ ሄድኩ። ቀላል አልነበረም፤ መድኃኒቱም ጠበሉም ጊዜ ፈጀ። ሁለቱንም የሰጠኝ አንድ አምላክ ስለሆነ በመካከላቸው አልመረጥኩም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እምቢታ ሁሉ ጥላቻ አይምሰላችሁ። ሲስተር የዚያን ቀን ለደግነት ብላ እሺ ብትለኝ ኖሮ፣ እኔ ልጄን በደህና እጅ አስቀምጬ ሄጄ ነበር። ዘመድ ብትሆነኝ ያንን ጥያቄ አትጠይቀኝም፤ ብትጠይቀኝም አልመልስላትም። ከእኔ የራቀችው እንድታየኝ ነው። በመካከላችሁ እንደ እኔ ራሷን ከህልሟ ያጣች ካለች ለአንድ ሰው ትንገር። ዝምተኛ ሰው ካላችሁም ዝምታውን ጸባይ ነው ብላችሁ አትለፉት። የት ነህ፣ የት ነሽ ብላችሁ ጠይቁ።

ሕክምናዬን ከጨረስኩ ቆይቷል። ምሕረት አሁን ትሮጣለች። ባለፈው ከእሷና ከእትዬ ዘውዴ ጋር ገበያ ሄጄ ሲስተር ትርንጎን ከቲማቲም ሻጮቹ ዘንድ አየኋት። አየችኝ፤ እንደ ልማዷ ልታልፍ ነበር።

“ሲስተር!” አልኩ ጮክ ብዬ።

ዞረች። ሦስት ጊዜ ተሳሳምን። አንዲት ቲማቲም ሻጭ ቀና ብላ፣ “ከየት ትተዋወቃላችሁ?” አለች።

ሲስተር ዝም አለች። መልሱን ለእኔ ትታ ነው።

“ታምሜ ነበር” አልኩ። “በእሷ እጅ ዳንኩ።”

ሲስተር ጎንበስ ብላ ልጄን በፈገግታ አየቻት። ስሟን በሚገባ ታውቀዋለች። ግን ገና ዛሬ እንዳወቀቻት ሁሉ፣ “አንቺስ፣ ስምሽ ማነው?” አለቻት።

“ምሕረት” አለች ልጄ፣ ቀሚሴን እንደያዘች።